ቼስካ ወንበር ምንድን ነው?

ስሙን ባታውቁትም ወንበሩን በዓይን ሳታውቁት አትቀሩም። የሚያብረቀርቅ፣ የታጠፈ የብረት ቱቦ አለው። መቀመጫውና መደገፊያው ዙሪያቸው እንጨት፣ መሃላቸው እንደ ወንፊት የተጠለፈ ነው። የኋላ እግር ግን የለውም። ካፌ ውስጥም ሆነ ቢሮ ውስጥ ኮፒው ሞልቷል።

ዲዛይኑ የማርሴል ብሮየር ነው፤ የወጣውም በ1928 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብሮየር የሀንጋሪ ተወላጅ ነው። ጀርመን አገር ባውሃውስ በሚባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ቆይቶ ትምህርት ቤቱ ወደ ዴሳው ከተማ ሲዛወር የቤት ዕቃ ወርክሾፑ ኃላፊ ሆነ። ያኔ ብስክሌት ይነዳ ነበር። ቀጭኑ ቱቦ እንዲያ ተጠማዞ መሪ ከሆነ ለምን ወንበር አይሆንም ብሎ አሰበ። ሐሳቡም አጉል አልነበረም፤ የብየዳ መስመር የሌለው ቱቦ በጀርመን ፋብሪካዎች ይመረት ነበር። እንዲህ ያለው ቱቦ ሲታጠፍ ቶሎ አይሰነጠቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ወንበር ሰው ተቀምጦበት ወደ ኋላ የማይገለበጠው ለምንድን ነው?

መልሱ ከታች ነው። ቱቦው ከፊት በኩል ወርዶ መሬት ሲነካ አያበቃም። መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ተመልሶ ሁለተኛው እግር ይሆናል። የተቀመጠው ሰው ክብደት ከዚህ የመሬት ክፈፍ በላይ እስካረፈ ድረስ ወንበሩ አይገለበጥም። ትልቁ ጫና ያለው ከፊት መታጠፊያዎቹ ላይ ነው። ስትቀመጡ ቱቦው እዚያ ጋ ትንሽ ይለመጣል፤ ስትነሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምቾቱ የሚመጣው ከዚህ መርገብገብ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ያላስፈለገውም ለዚሁ ነው። ለጀርባዬ ሶፋ ይሻለኛል የሚል ካለ ግን አልከራከረውም።

ታዲያ የኋላ እግርን ማስቀረት የብሮየር ሐሳብ ነው? ፍርድ ቤት አይደለም ብሏል።

ማርት ስታም የሚባል የሆላንድ አርክቴክት በ1926 የጋዝ ቧንቧ ቆራርጦ፣ የእኛ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ በሚሉት ዓይነት መገጣጠሚያ እያያያዘ የመጀመሪያውን ሞዴል ሠራ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ሽቱትጋርት ላይ ንድፉን ለሌሎች አርክቴክቶች በእርሳስ ስሎ አሳየ። ጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮህም ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። በ1927 ሽቱትጋርት በተካሄደው የቫይሰንሆፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሁለቱም የኋላ እግር የሌለው ወንበር ይዘው ቀረቡ። የስታም ድርቅ ያለ ነበር፣ አይለመጥም። ሚስ የፊቱን እግር ሰፊ ቅስት አድርጎት ስለነበር የእሱ ይረገበገባል። ብሮየር ደግሞ ሐሳቡ ቀድሞ ከእኔ ነው የወጣው ይል ነበር።

ነገሩ ክስ ላይ ደረሰ። የስታምን መብት የያዘው አንቶን ሎሬንዝ የሚባል ነጋዴ፣ የብሮየርን ወንበሮች የሚያመርተውን ቶኔት ኩባንያን ከሰሰ። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1932 ለስታም ፈረደ። አንድ ወንበር እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ባለቤት አለው ማለት ነው። ውጤቱ ዛሬም ይታያል። ቶኔት ይህንኑ ወንበር ጀርመን ውስጥ ኤስ 32 ብሎ ሲሸጥ የቅርጹ መብት የስታም መሆኑን ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ ኖል የሚባለው ኩባንያ ሲሸጠው ግን የብሮየር ቼስካ ነው።

ፍርዱ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ሐሳቡ የስታም፣ መርገብገቡ የሚስ ይሁን። ሰው ቤቱ ሊያስገባው የፈለገውን ወንበር የሠራው ግን ብሮየር ነው። የዚያ ዘመን የቱቦ ወንበሮች ቅዝቅዝ ያሉ ነበሩ፤ ብረቱ ላይ ሸራ ወይም ቆዳ ተወጥሮ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላሉ። ብሮየር እንጨትና ራታን ከሚባል ተክል የተሠራ ጥልፍ አመጣ። ጥልፉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቶኔት ራሱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቪየና ካፌ ወንበሮች ላይ ሲጠቀምበት ኖሯል። ደንበኛው ዓይኑ የለመደውን መቀመጫ ፋብሪካ ብረት ላይ አገኘው።

ስሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ነበረው። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው ዲኖ ጋቪና ወንበሩን እንደገና ማምረት ሲጀምር፣ በብሮየር ልጅ በፍራንቼስካ ስም ቼስካ አለው። የጋቪናን ድርጅት በ1968 ኖል ገዛው።

ኮፒም ሆነ አሮጌ ኦሪጅናል ስትገዙ መጀመሪያ ከፊት ያሉትን መታጠፊያዎች እዩ። ርካሹ ኮፒ ላይ ቱቦው ሳስቶ ይገኛል፤ ያ ደግሞ ውሎ አድሮ ይጎብጣል። ቀጥሎ እንጨቱን ከቱቦው ጋር የያዙትን ብሎኖች ነቅንቁ። የጥልፉ መላላት ወይም መቀደድ ያን ያህል አያሳስብም፣ በአዲስ ይተካል።