ከተዳፋቱ በታች ያለው ባልንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጌታችንን በጠየቀው ጊዜ መልሱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርድ መንገድ ላይ ተደብድቦ ስለ ወደቀ ሰው ነበር (ሉቃ. 10)። እኛ በወሎ ተራሮች ላይ የምናርስ ምእመናን ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ማሳችን ብንወጣ መልሱን ሩቅ አናገኘውም። በሐምሌ ከእርሻችን የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የሚደርስበት ሰው ባልንጀራችን ነው።

ይህን ያስተማረኝ የአባቴ እርከን ነው። አምባሰል ውስጥ ባለችው ተዳፋት ማሳችን በምግብ ለሥራ ዘመን የተካበ የድንጋይ እርከን ነበር። አባቴ ካቡ መሬት እንደሚሻማቸው፣ በሬዎቹን ለማዞር እንደሚያስቸግራቸውና የአይጥ ማደሪያ እንደ ሆነባቸው እየተናገሩ ቆይተው አንድ ዓመት በግንቦት ወር መካከለኛውን ካብ አፈረሱት። ያተረፉት ከሦስት ትልም የማይበልጥ መሬት ነበር። በዚያው ክረምት ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ትልሙን ተከትሎ ወረደና ከበታቻችን ያለውን የጎረቤታችንን ማሽላ በጠጠር ቀበረው። ሲነጋ ወርደን ስናይ ከጠጠሩ በላይ የቀረው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ሙስሊም አባት ናቸው፤ አልተቆጡም፤ ለአባቴ «ያንተ አፈር እኔ ዘንድ መጣ፤ ግን ለእኔም ለአንተም አልሆነም» አሏቸው።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» እንደ ሆነ ተጽፏል (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀቱን ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ መጠበቁን ግን ብዙዎቻችን ትተነዋል። በበሬ የሚጎተተው ማረሻችን አፈሩን ስለማይገለብጠው ማሳውን ደጋግመን እናርሳለን፤ አንዱን ዙር አግድም ካረስን ቀጣዩን ማቋረጥ ግድ ይላል፤ የሚያቋርጠው ትልም ቁልቁል ሲሆንም ለጎርፍ ቦይ ይከፍትለታል። ሳንታክት በሠራንበት ድካም ራሱ አፈራችንን እንሸኛለን ማለት ነው።

በኦሪት ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዞ ነበር (ዘሌ. 25)። በእኛም ቋንቋ ሳይታረስ የከረመ መሬት «ጦም አደረ» ይባላል፤ ይህን አነጋገር በሰማሁ ቁጥር መሬትም እንደ እኛ የጾም ወራት የሚያስፈልጋት ፍጥረት መሆኗን አስባለሁ። ይሁን እንጂ ሁለት ጥማድ መሬት ይዞ አምስት ልጆች ለሚያሳድግ ገበሬ መሬትህን ጦም አሳድር ማለት ልጆችህን ጦም አሳድር ማለት ነው። እንዲሁም ማገዶ አጥታ ኩበት የምታነድን እናት ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባውን አቃጠልሽ ብሎ መውቀስ አይገባም። ባሕር ዛፍ ኩበቱን ከእሳት የሚያድን ማገዶ ሆኗል፤ ነገር ግን ከምንጭ አጠገብና ከሰው ማሳ ድንበር ላይ ሲተከል ውኃውን ይመጥጣል፣ በሥሩ ያለውንም አዝመራ ያቀጭጫል። ስለዚህ የት እንደምንተክለው መጠንቀቅ ራሱ የፍቅር ሥራ ይመስለኛል።

አንዳንዶች መሬት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ንብረት ስላልሆነች ልፋቱ ለማን ነው ይላሉ። ነገ ይወሰድብኝ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛፍ ለመትከል ቢያመነታ ስጋቱን አላቃልልም። ነገር ግን እግዚአብሔር ርስት ለሰጣቸው ለእስራኤል እንኳ ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፣ እነርሱም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ነግሯቸዋል (ዘሌ. 25፥23)። እንግዳ ያደረበትን ቤት አፍርሶ አይሄድም።

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ለማስተማሪያ ስናነሣ ግን እጅግ እንጠንቀቅ። የተራቆተው ተራራ ድርቁን እንዳከበደው እውነት ነው፤ ሆኖም ወገኖቻችን ያለቁት በኃጢአታቸው ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ የተናገረውን ዘንግቷል (ሉቃ. 13)። በዚያ ዘመን ጦርነትም ነበረ፤ የሟቾቹን ጩኸት በጊዜው ያልሰሙ ገዥዎችም ነበሩ።

በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉትን ጥንታውያን ጽዶች ያየ ሰው ተራሮቻችን ምን ማብቀል እንደሚችሉ ይረዳል። ዛፎቹ የቆዩት የታቦት ናቸው ተብለው ስለ ተፈሩ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ወይራና ኮሶስ ማን ፈጠረው? በቅጽሩ ውስጥ ጫማችንን አውልቀን የምንረግጠውን አፈር ከቅጽሩ ውጭ ለጎርፍ የምንሰጥ ከሆነ ፍርሃታችን ለአጥሩ እንጂ ለፈጣሪ አይደለም።

አባቴ በአገር ሽማግሌ ፊት ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠይቀው ካቡን ሊመልሱ ቃል ገቡ። የሠራነው በየካቲት፣ በዐቢይ ጾም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ማለዳ ስንደርስ ጎረቤታችን ልጆቻቸውን ይዘው ቀድመውን የተንከባለለውን ድንጋይ ከማሽላቸው ማሳ ወደ ላይ ሲያወጡ አገኘናቸው። ስድስት ሰዓት ገደማ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ እኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወጣለን፤ እርሳቸው ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ይወርዳሉ። ካቡ ሲያልቅ በላዩ ዝሆኔ ሳር ተከልንበት፤ ከብቶቹም ልቅ እንዳይለቀቁበት ተስማማን። ሳሩን አንድ ጊዜ እኛ፣ አንድ ጊዜ እነርሱ ያጭዱታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።