ማስታወቂያው ተለጥፏል፤ ማን አነበበው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሄርማታ ሰፈር ሂዱ፣ መንደራ ቆጪ ሂዱ፤ ግድግዳው፣ የመብራት እንጨቱ፣ የሱቁ በር ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የእድር ስብሰባ። የሰፈራችን ማዕከል ማስታወቂያም እዚያው መሃል ነው፤ የክረምት ትምህርት፣ የክትባት ቀን፣ የስልጠና ምዝገባ። ወረቀቱን የሚጽፉትና የሚያባዙት ወጣቶች እጃቸው ፈጣን ነው። እኔም አልፎ አልፎ አብሬያቸው ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ። «ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚችል ይሁን» ሲባል ግን ሁሌ የሚደጋገሙ መልሶች አሉ። አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

«እሱ ብሬል ይፈልጋል፤ ብሬል ደግሞ እኛ ጋ የለም»

ይሄኛው ነገሩን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ጨርሶ ከማያየው ይልቅ በደንብ የማያየው ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሰው ብሬል ምንም አያደርግለትም፤ ተለቅ ያለ ፊደል ግን ያነባል። አርባን ያለፈና ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ የሚይዘውን ጎረቤታችሁን ጨምሩበት። እሱ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ አልገባም።

ብሬል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ግን ማየት ያቆመው በእርጅና በመጣ የዓይን ሞራ ከሆነ፣ ሰውየው ብሬል ተምሮ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመገመት መጠየቅ ይሻላል፦ «አባባ፣ በብሬል ይሁንልዎ ወይስ በቴሌግራም ድምፅ ቀድተን እንላክልዎ?» የድምፅ መልእክት ለመቅዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«መጠን 12 ካደረግነው ይነበባል፤ ዋናውን ደግሞ ቦልድ አድርገን ከሥሩ እናሰምርበታለን»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙው ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

12 የሚባለው ቁጥር ከፎንት ፎንት አንድ አይደለም። በኒያላ የተጻፈ 12 በሌላ ፎንት ከተጻፈ 12 አነስ ብሎ ይታያል። በእጅ ለሚያዝ ወረቀት ቢያንስ 14 ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ እይታው ለደከመ ሰው 18 እና ከዚያ በላይ። ለግድግዳ ከሆነ ቁጥሩን እርሱት፤ ለጥፋችሁ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሂዱና አንብቡት።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሉን ከሊ፣ ሊን ከሌ የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ናት። ሉ መሃሉ ላይ ጭረት አለው፣ ሊ ከታች ጭረት አለው፣ ሌ ከታች ቀለበት አለው። ከሥር መስመር ስታሰምሩ መስመሩ የሚያልፈው ከታች ባለችው ምልክት ላይ ወይም አጠገቧ ነው። ቦልድም ያው ነው። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ፊደል ከሌለው ኮምፒውተሩ ያለውን ፊደል በግድ ያወፍረዋል፤ ያኔ ቀለበቱ ይደፈናል። በፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ደግሞ ይብሳል፤ «ቀበሌ» የሚለው «ቀበሊ» መስሎ ይወጣል። ደማቅ ፊደል ካስፈለገ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ፣ የተለያየ ውፍረት ተዘጋጅቶለት የመጣ ፎንት ተጠቀሙ። ካልሆነ ዋናውን ነገር በትልቅ መጠን ለብቻው መስመር ላይ አስቀምጡት።

ሌላው የመስመር ርቀት ነው። አብዛኛው ፊደላችን ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ እንደ አጥር ይገጥማል። ርቀቱን 1.5 አድርጉት። ጽሑፉን ከግራ ብቻ አስተካክሉ፤ ሁለቱም ጫፍ እኩል ይሁን ሲባል በተለይ ጠባብ ብሮሸር ላይ በቃላቱ መሃል ትልልቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ ዓይን መስመሩ ይጠፋበታል።

«አፋን ኦሮሞውንም አማርኛውንም አንድ ገጽ ላይ እናጭቀው፣ ወረቀት እንቆጥባለን»

ጅማ ላይ ሁለቱም የግድ ነው። ሐሙስ ገበያ ከገጠር የሚመጣው ሰው አፋን ኦሮሞውን ይፈልጋል፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የተከራየው ደግሞ አማርኛውን ይፈልግ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ስትጨምቁ ግን የሁለቱም ፊደል ያንሳል፤ በመጨረሻ ማንም አያነብም። ፊትና ጀርባ አትሙት፣ ወይም ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ለጥፉ። ቀንና ሰዓቱን በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ አድርጉት። ቁቤውን (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ደግሞ ከላይ እስከ ታች በካፒታል ፊደላት (ABC) ብቻ አትጻፉት። ከፍና ዝቅ የሚሉት ትንንሾቹ ፊደላት (abc) ናቸው ለቃሉ ቅርፅ የሚሰጡት።

«ቀለም ከበዛበት ዓይን ይስባል»

ይስባል፤ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ላይ፣ ቢጫ በነጭ ላይ፣ ከጽሑፉ ጀርባ የደበዘዘ ሎጎ ወይም የቡና ፎቶ፤ ይሄ ሁሉ አንባቢን ያደክማል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎችም አሉ፣ በተለይ ወንዶች። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አንሱት። ኮፒው ላይ የደበዘዘው ጽሑፍ ግድግዳው ላይም ይደበዝዛል።

የማህተሙንም ነገር አልተውም። ማህተም የሚመታው ሁሌ ከታች፣ ስልክ ቁጥሩ ላይ ነው! ሲነደፍ ባዶ ቦታ ተዉለት፣ በቃ።

«ላሚኔት ከተደረገ አለቀ»

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ ይገባኛል። ችግሩ የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ መስኮት ወይም በር ፊት ለፊት ሲሰቀል ብርሃኑን ይመልሳል፤ ጽሑፉ ይጠፋል። የማያብለጨልጭ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ከመስኮቱ ፊት አንሱት። በረንዳ ሥር ከሆነማ ያለ ፕላስቲክም ይሆናል፤ በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመ ቀለም ጠብታ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይፈሳል እንጂ የፎቶ ኮፒና የሌዘር ማተሚያ ቶነር (የዱቄት ቀለም) በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ አይፈስም። ሰሌዳውንም ዝቅ አድርጉት። ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50 ባለው መሃል ቢሆን በዊልቸር ያለውም ቆሞ የሚያነበውም ይደርስበታል።

«የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፤ አጻጻፉ ከበድ ማለት አለበት»

እስቲ ይህን እዩ፦ «ማዕከላችን በያዝነው በጀት ዓመት ሊያከናውናቸው ካቀዳቸው ተግባራት መካከል አንዱ የሆነውን የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ምዝገባ ከሐምሌ 1 እስከ 5 የሚያካሂድ በመሆኑ ልጆቻችሁን እንድታስመዘግቡ በጥብቅ እናሳስባለን።» እስከ መጨረሻው የሚደርስ ሰው ስንት ነው? ይኸው በሌላ መልኩ፦

የክረምት ትምህርት ምዝገባ
ለማን፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል
መቼ፦ ከሐምሌ 1 እስከ 5፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት
የት፦ ማዕከሉ ቢሮ
ይዛችሁ ኑ፦ የልጁን ሪፖርት ካርድ
ክፍያ፦ የለም

የመጀመሪያው ላይ ሰዓቱ የለም፣ ሪፖርት ካርዱ የለም። እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት የክፍያው ነገርም የለም። ከባድ አጻጻፍ የጎደለውን ይሸፍናል።

«መስማት የተሳናቸውማ ማንበብ ይችላሉ፤ ለእነሱ ወረቀት ይበቃል»

ሁሌ አይደለም። የብዙዎቹ ዋና መግባቢያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የራሱ ሰዋስው አለው። የተጻፈ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አጭር አረፍተ ነገር እዚህም ይጠቅማል። «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ብቻ ከተባለ ደግሞ በሩ ተዘጋባቸው። ከስልኩ ጎን «በጽሑፍ መልእክትም እንመልሳለን» የሚል ጨምሩ።

«ይሄ ሁሉ በጀት ይጠይቃል»

ከላይ ካልኩት አብዛኛው ሳንቲም አያስወጣም። ለትልቅ ፊደል እንኳ አዲስ ዲዛይን አያስፈልግም፤ ኤ4ን ወደ ኤ3 በ141 በመቶ አሳድጎ ኮፒ ማድረግ በቂ ነው። 12 የነበረው ወደ 17 ይጠጋል። ሁለት ሦስት እንዲህ አድርጎ ቢሮው ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

«እኛ አንብበነዋል፣ ስህተት የለውም»

የጻፈው ሰው በቃሉ ስለሚያውቀው ያነበበ ይመስለዋል። ከመባዛቱ በፊት ለጥበቃው ወይም በር ላይ ቡና ለምታፈላው እህት አሳዩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ነው? የት ነው? ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ጣታቸው ወረቀቱ ላይ መልሱን ፍለጋ ከዞረ፣ ኮፒውን አቁሙና ያቺን መስመር አስተካክሉ።