ኒካህና ፍቺ፦ «ሸሪዓ ነው» ከሚባለው ስንቱ የሰፈር ወግ ነው?

ደሴ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ የማይፈርድ የለም። የሸዋ በሩ ባለሱቅም፣ ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤትም «ሸሪዓው እንዲህ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚናገረው አያቶቹ ሲያደርጉ ያየውን ነው። ክፋቱ፣ በዚህ መሃል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የሴቷ መብት ነው።

«መህር ለቤተሰቧ ነው»

አይደለም። መህር፣ ማለትም ባል በኒካሁ (በጋብቻ ውሉ) የሚሰጠው ሀብት፣ የሙሽሪት ነው። የቁርኣኑ ሱረቱ-ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ ለሴቶቹ ስጧቸው ነው የሚለው። ሌላ ሰው የሚበላው እሷ ወዳ ከለቀቀችለት ብቻ ነው። ከሽማግሌ ጋር የሚሄደው ጥሎሽና ስጦታ ሌላ ጉዳይ ነው። ኒካሁ ሲታሰር «ግማሹ ወርቅ አሁን፣ ግማሹ በኋላ» ከተባለ ደግሞ ያ «በኋላ» የተባለው የባል ዕዳ ነው። ቢሞት እንኳ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት ተነስቶ ይሰጣታል። ይህን ለቅሶ ቤት የሚያነሳ የባል ወንድም ግን እምብዛም አይገኝም።

«ዝም ካለች ተስማምታለች»

ግማሽ እውነት ነው። ሐዲሱ (የነቢዩ ንግግር ዘገባ) የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው ይላል። ግን መጀመሪያ ትጠየቅ ነው የሚለው፤ ደግሞም የሐፍረት ዝምታ እንጂ የፍርሃት አይደለም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የተባለችን፣ ቀደም ሲል አግብታ የነበረች ሴት አባቷ ሳትፈልግ ዳራት። ለነቢዩ ሄዳ ስትናገር ጋብቻውን አፈረሱት። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር ደግሞ በአገሩ ሕግም ክልክል ነው።

«ሦስቴ ፈታሁሽ ካለ አለቀ»

የቁርኣኑ መንገድ ይህ አይደለም። ሱረቱል-በቀራ 229 ፍቺ ሁለት ጊዜ ነው ይላል፤ ከዚያ ወይ በደግ መያዝ፣ ወይ በደግ ማሰናበት። ሥርዓቱ ከወር አበባ ነጽታ፣ በዚያ ንጽሕና ሳይደርስባት፣ አንዴ ብቻ ፈትቶ መጠበቅ ነው። ዒዳዋ (ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ) ሳያልቅ ሐሳቡን ቢለውጥ ያለ አዲስ ኒካህ ይመልሳታል። ዒዳው ካለፈ ግን አዲስ ኒካህ፣ አዲስ መህር።

በአንድ ትንፋሽ ሦስቱንም ከጨረሰውስ? የአራቱ መዝሀቦች (የሸሪዓ ሕግ መንገዶች) ዋና አቋም ሦስት ሆኖ ይቆጠራል የሚል ነው። ኢብን ተይሚያን የመሰሉ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) አንድ ነው ብለዋል። እንግዲህ ይህ ለጎረቤት የሚተው ጥያቄ አይደለም፤ ወደ ቀዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ነው የሚኬደው። «ሌላ ሰው ለአንድ ሌሊት አግብቶ ይፍታትና ወደ መጀመሪያ ባሏ ትመለስ» የሚለውን ዘዴ ደግሞ ሐዲስ ረግሞታል።

«ከተፈታች በዚያው ቀን ከቤት ትውጣ»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማታ ይጣላሉ፤ ሰውየው በንዴት ቃሉን ይወረውራል። ሲነጋ ልጇን አዝላ፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ ናት። እናቷ ቤት ስትደርስ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ይሏታል። ሁሉም ሰው የተለመደውን ያደረገ ይመስለዋል።

ሱረቱ-ጠላቅ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ከቤታቸው አታስወጧቸው፣ እነሱም አይውጡ ይላል፤ ግልጽ የሆነ ብልግና ካልፈጸሙ በስተቀር። የአንቀጹ መጨረሻ ምክንያቱን ይጠቁማል፦ ከዚያ በኋላ አላህ ሌላ ነገር ሊያመጣ ይችላል። አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ወጡ ሲሸት ንዴት ይበርዳል። እሷ ኮምቦልቻ፣ እሱ ደሴ ከሆኑ ግን ነገሩን የሚያበርደው ማን ነው? አጎቶች ይገባሉ፣ ወሬ ይመላለሳል፣ ዒዳው ያልፋል።

መመለስ በሚቻልበት ፍቺ ቀለቧም ማደሪያዋም በዒዳዋ ሁሉ በእሱ ላይ ነው። ዒዳው የወር አበባ ለምታየዋ ሦስት የወር አበባ ነው፤ ከመዝሀቦቹ ሻፊዒዎች ሦስት ንጽሕና ብለው ይቆጥራሉ። ለማታየዋ ሦስት ወር ነው፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ። ባሏ የሞተባት ካላረገዘች 4 ወር ከ10 ቀን ትጠብቃለች።

«ሴት ፍቺ መጠየቅ አትችልም»

ትችላለች። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ለነቢዩ በጠባዩም በሃይማኖቱም አልከሰውም፣ ግን አብሬው መኖር አልችልም አለች። መህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ መለሰችና ተለያዩ። ኹልዕ ይባላል። ባል የማይቀልብ፣ የሚበድል ወይም የጠፋ ከሆነ ደግሞ ቀዲ ጋብቻውን ሊያፈርስ ይችላል።

«ሙስሊም ከሆንሽ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ግዴታሽ ነው»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ስለዚህ መጥሪያ የደረሳት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ካልፈለገች፣ ችሎቱ ፊት ቀርባ አልፈቅድም ብላ ማስመዝገብ ትችላለች። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።