የቤሊ ዳንስ ፌስቲቫል፦ አዳራሹ ሞላ ማለት ተዘረፍን ማለት አይደለም

ለሥልጠና ወደ ካይሮ የቤሊ ዳንስ (የዳሌና የወገብ ውዝዋዜ) ፌስቲቫሎች የሄዱ ተማሪዎቼ ሲመለሱ ምን እንደ ተማሩ ብጠይቃቸው፣ ከእንቅስቃሴው በፊት የሚነግሩኝ የሰዉን ብዛት ነው። «አዳራሹ ታጭቆ ነበር፤ ገንዘባችንን በሉት» ይሉኛል። ይህን አቤቱታ መስማት ስለ ሰለቸኝ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆኖብኛል።

«ብዙ ሰው ያለበት ክፍል መጥፎ ክፍል ነው» የሚለው እምነት የሚነሣው የፌስቲቫልን ወርክሾፕ ከሠፈር ሳምንታዊ ክፍል ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው። በሳምንታዊው ክፍል መምህሯ የእያንዳንዱን ተማሪ የጉልበት አቋምና የወገብ ጥንካሬ ታውቃለች፤ ያጠፋውንም በሚቀጥለው ሳምንት ታርመዋለች። ግብፃዊቷ የዳንስ መምህርት ራቂያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በካይሮ በመሠረቱት «አህላን ወሳህላን» እና በመሰሎቹ ፌስቲቫሎች ግን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ዳንሰኞች ለጥቂት ቀናት በሆቴል አዳራሾች ተሰብስበው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ የተወዳደሩትና በ1959 ከወንድማቸው ከዓሊ ሬዳና ከፈሪዳ ፋሕሚ ጋር ታዋቂውን የውዝዋዜ ቡድን የመሠረቱት ግብፃዊው ዳንሰኛ ማሕሙድ ሬዳ፣ በ2020 ከማረፋቸው በፊት በብዙ አገሮች አስተምረዋል። እርሳቸው ወደሚያስተምሩበት አዳራሽ የሚገባ ሰው የሚፈልገው የራሱ ዳሌ እንዲታረምለት ሳይሆን የእርሳቸውን አረማመድና የእጅ አያያዝ በዓይኑ ማየት ነበር፤ ለዚህ ደግሞ የመቶ ሰው መኖር እንቅፋት አይሆንም።

መቁጠር ከተፈለገ ሰውን ብቻ ሳይሆን ወለሉንም መቁጠር ይገባል። አንድ ዳንሰኛ እጁን ዘርግቶ ለመዞር በግምት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር አዳራሽ ሃምሳ ሰው በምቾት ይይዛል። በዚያው አዳራሽ መቶ ሰው ከገባ ለዳሌ እንቅስቃሴ ቢበቃም ለመዞር አይበቃም፤ ትምህርቱ በእጅ ተይዞ በሚደነስበት፣ ሦስት ሜትር ገደማ በሚረዝም ሻሽ ወይም በሰዒዲ (በላይኛው ግብፅ ባህላዊ ውዝዋዜ) ዱላ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። እንግዲህ ከመመዝገብ በፊት አዘጋጁን መጠየቅ የሚገባው አዳራሹ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መምህሩ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ይቆም እንደሆነና የተመዝጋቢው ቁጥር ገደብ እንዳለው ነው። መድረክ በሌለበትና ምሰሶ በበዛበት ክፍል ሠላሳ ሰው እንኳ ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ክፍሉን የሚያጠብበው አብሮ ሠልጣኙ ነው። ሁለት ተማሪዎቼ በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ገብተው ነበር፤ አንደኛዋ «ሰፊና ምቹ ነበር» ስትለኝ ሌላኛዋ ከሰው ጀርባ በቀር ምንም አለማየቷን ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻው ከፊት ረድፍ ሳትነቃነቅ መቆየቷን የተረዳሁት በኋላ ነው። «ቀድሜ ስለ መጣሁ የፊቱ ቦታ የእኔ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በፍጹም ስሕተት ነው። በየተወሰነው ደቂቃ የፊቱ ረድፍ ወደ ኋላ ሄዶ የኋላው ወደ ፊት ይመጣል፤ መምህሩ ባያዝም እንኳ ሠልጣኞች በራሳቸው ተነጋግረው ሊያደርጉት ይገባል። የውኃ መያዣና ቦርሳ ከፊት አስቀምጦ ቦታ መያዝ ነውር ነው።

«ከፍያለሁና መምህሩ እኔን ማረም አለበት» ለሚሉ ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። የሁለት ሰዓቱ ትምህርት ለስድሳ ሰው ቢከፋፈል፣ መምህሩ ሌላ ምንም ባያስተምር እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል። እርማት የሚፈልግ ሰው የግል ትምህርት ይያዝ፤ ክፍያውም ለብቻ ነው።

«ግብፃዊው መምህር ዝም ብሎ ይደንሳል እንጂ አያስተምርም» የሚለውም በተደጋጋሚ ይነገራል። ብዙዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሙዚቃውን ከፍተው ክፍሉ እንዲከተላቸው ያደርጋሉ፤ ይህ ስንፍና ሳይሆን የማስተማሪያ መንገድ ነው። ጀርባ መስጠታቸውም ንቀት አይደለም፤ የመምህሩና የተማሪው ቀኝ አንድ ሆኖ እንዲቀር ነው። የሚከተል ሰው በመጀመሪያ እግርን ይመልከት፣ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ይለይ፣ ቀጥሎ ዳሌውን ይያዝ፤ እጅ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ተማሪዎቼ ግን ከእጅ ይጀምራሉ፣ ከዚያም ምንም እንዳልተብራራላቸው ያማርራሉ።

ቪዲዮ መቅረጽ በክፍያው ውስጥ የተካተተ መብት አይደለም፤ መምህሩ ከፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ላይ ይቀረጻል፤ ለራስ መለማመጃ የተፈቀደውን በቲክቶክ መልቀቅ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ሳንቲም የተንጠለጠለበት የወገብ መታጠቂያም ግዴታ አይደለም፤ መምህሩ ሲናገር የሚንሿሿ ከሆነ እንዲያውም አለመልበስ ይሻላል። እስክስታ ማወቅ ትከሻን ይፈታል እንጂ የዳሌን ሥራ አይተካም። አጠገብ ያለን ሠልጣኝ ማረምም ደግነት አይደለም፤ የመምህሩ ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ «ከደረጃዬ በላይ ብመዘገብ ቶሎ እደርሳለሁ» የሚሉ አሉ። ለላቁ ዳንሰኞች በተዘጋጀ ክፍል መሠረታዊውን እርምጃ የማያውቅ ሰው መሐል ቆሞ ግራ ሲጋባ ከኋላው ያለውም ይሳሳታል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ክፍሉን ጥሎ መውጣት የለበትም፤ ወደ ጠርዝ ወጥቶ፣ እጁን ትቶ፣ እግሩን ብቻ በትንሹ እያራመደ ይከታተል። ሙዚቃው በመሐል ሲቆምም ጥያቄ ለማብዛት አይቸኩል፤ ያልገባውን መዝግቦ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ይጠይቅ።