ዕጢ ገቺ ጂን ምንድን ነው?

«የካንሰር ጂን ተገኘባት» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ በ2013 ሁለቱንም ጡቶቿን ገና ሳትታመም በቀዶ ሕክምና ማስወገዷን ለዓለም ከተናገረች ወዲህማ አባባሉ ቡና ላይም ይነሳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ችግሩ አባባሉ የተገለበጠ መሆኑ ነው። የጆሊ ጂን ቢአርሲኤ 1 ይባላል፤ ይኸው ጂን እኔም አለኝ፣ እርስዎም አለዎት፣ ጎረቤትዎም አለው። እሷን ከሌላው የሚለያት ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶ መወለዷ ነው። የወረሰችው ካንሰር የሚያመጣ ነገር አይደለም፤ ካንሰርን የሚከለክል ነገር ጎድሎባት ነው።

ሲሠሩ ካንሰርን የሚከለክሉ፣ ሲበላሹ ደግሞ መንገዱን የሚለቁለት እንዲህ ያሉ ጂኖች ዕጢ ገቺ ጂኖች ይባላሉ። «ዕጢ» በአማርኛ ሁለት ነገር እንደሚሸከም አውቃለሁ፤ የታይሮይድ ዕጢ ስንል ጤነኛ የሰውነት ክፍል ማለታችን ነው። እዚህ ግን ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠት ነው የምለው።

ሰውነት ዕድሜ ልኩን ሴል ሲያባዛ ይኖራል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ይታደሳል፣ ቆዳ ይረግፋል፣ ይተካል፣ ቁስል ይሽራል። «ተባዛ» የሚሉ ጂኖች አሉ፤ «ቆይ፣ አሁን አይደለም» የሚሉም አሉ። ብዙዎች ይህን በመኪና ያስረዱታል፤ አንዱ ነዳጅ መስጫ፣ ሌላው ፍሬን። ምሳሌው አይከፋም፤ ለእኔ ግን የግቢ ዘበኛ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዘበኞቹ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱን ጂን ማለት ይቻላል አንዱን ቅጂ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንቀበላለን። አንዱ ዘበኛ ቢያንቀላፋ ሌላው በሩ ላይ አለ። ግቢው የሚደፈረው ሁለቱም ሲተኙ ነው።

ይህን መጀመሪያ በቁጥር ያሳየው ሰው ታሪክ በጣም ደስ ይለኛል። ሬቲኖብላስቶማ የሚባል፣ ከየ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሕፃናት አንዱን የሚይዝ የዓይን ካንሰር አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው ሐኪም ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ በፍላሽ በተነሳ ፎቶ የሕፃኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ያበራል። (እንዲህ ያለ ነገር ያየ ወላጅ ሳይውል ሳያድር ልጁን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰድ። ቶሎ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው።) አንዳንዱ ሕፃን ሁለቱንም ዓይን ይታመማል፣ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። በአንዳንድ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፣ በሌላው ዱብ ዕዳ ነው።

ያ ሰው፣ አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን፣ ሂዩስተን ቴክሳስ በሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን ሆስፒታል የ48 ሕሙማንን መዝገብ ይዞ ተቀመጠ፤ ውጤቱን በ1971 አሳተመ። ያደረገው ነገር ሒሳብ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው የታመመ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ይታወቅባቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው የታመመ ዘግየት ይላሉ። በየዕድሜው ገና ያልታወቀባቸው ስንት እንደቀሩ በግራፍ ሲያወጣው፣ የመጀመሪያዎቹ መስመር አንድ አደጋ ብቻ ሲጠበቅ እንደሚሆነው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ የሁለተኞቹ ግን ሁለት አደጋ ተከታትሎ መድረስ እንዳለበት ሆኖ ጎበጥ አለ። ኑድሰን እንዲህ ፈታው፦ ሁሉም ሁለት ምት፣ ማለትም የሁለቱም ቅጂ መበላሸት፣ ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸው የታመመው ግን የመጀመሪያውን ምት ይዘውት ተወልደዋል። በእያንዳንዱ ሴላቸው ውስጥ አንደኛው ዘበኛ ከመጀመሪያውም የለም።

ታዲያ አንድ ጤነኛ ዘበኛ እያለላቸው ለምን ይታመማሉ? በማደግ ላይ ያለ ሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሚከፋፈሉ ሴሎች አሉት። ከነዚያ በአንዷ ላይ ሁለተኛው ቅጂ መበላሸቱ ይበቃል። ኑድሰን አንድ ወራሽ ሕፃን በአማካይ 3 ዕጢ እንደሚያበቅል ገመተ። ከሚሊዮኖች መካከል 3! ለአንድ ሴል አደጋው እጅግ ብርቅ ነው፤ ለሕፃኑ ግን አይቀሬ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ከ10 ወራሾች 9ኙ ያህል ይታመማሉ። ሬቲናው አድጎ ሲጨርስ ሴሎቹ መከፋፈል ስለሚያቆሙ፣ በሽታው ከ5 ዓመት በኋላ የሚጀምረው ከስንት አንዴ ነው።

ጂኑ ራሱ በ1986 ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ተለይቶ ወጣ፤ አርቢ 1 ተባለ። የሚሠራውም ከዓይን ጋር ብቻ የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። በየሴሉ ውስጥ ኢቱኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ዲኤንኤን ለመቅዳት የሚያስፈልጉትን ጂኖች የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። ከአርቢ 1 ጂን የሚመረተው የአርቢ ፕሮቲን እነሱን አንቆ ይይዛል። ሴሉ የመባዛት ትእዛዝ ሲደርሰው ሲዲኬ 4 እና ሲዲኬ 6 የተባሉ ኢንዛይሞች አርቢ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ እጁ ይላላል፣ ኢቱኤፍ ይለቀቃል፣ ዲኤንኤው መቀዳት ይጀምራል። አርቢ ከሌለ ግን ትእዛዝ መጣም አልመጣም ኢቱኤፍ ልቅ ነው። በ2015 ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ የተባለው መድኃኒት እነዚያን ሁለት ኢንዛይሞች በመያዝ አርቢ ሥራው ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ልብ ይበሉ፤ አርቢ የሌለው ካንሰር ላይ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም። የተኛን ዘበኛ መቀስቀስ ይቻላል፤ የሌለውን ከየት ያመጡታል? በዚህ መስክ መድኃኒት ማግኘት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ያለ ቅጥ የሚሠራን ፕሮቲን ማስቆም የጠፋን ፕሮቲን ከመመለስ ይቀላል።

ከዕጢ ገቺዎች ሁሉ ዝነኛው ፒ53 ነው። የእሱ ታሪክ ከስሙ ጀምሮ ስህተት በስህተት ነው። 53 የተባለው የፕሮቲኑ ክብደት 53 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) መስሎ ስለታየ ነው፤ እውነተኛው ክብደቱ 44 ያህል ነው። በ1979 ሲገኝ ደግሞ ካንሰር ቀስቃሽ ነው ተባለ፤ በቤተ ሙከራ ሴል ውስጥ ሲጨምሩት ካንሰርን ያባብስ ነበርና። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ተብሎ ከቆየ በኋላ ነገሩ ተገለጠ፦ ተመራማሪዎቹ ሲቀዱት የኖሩት የተበላሸውን ቅጂ ነው። በ1989 የአንጀት ካንሰር ዕጢዎች ሲመረመሩ አንዱ የፒ53 ቅጂ ጠፍቶ፣ የቀረው ደግሞ ተበላሽቶ ተገኘ። ቀስቃሽ ይባል የነበረው ገቺ ሆነ። ዛሬ ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ይህ ጂን ተበላሽቶባቸው እንደሚገኝ ይታወቃል።

ፒ53 ሥራው ከበር ጥበቃ ይሰፋል። በደህና ጊዜ ኤምዲኤም 2 የተባለ ፕሮቲን እየተከታተለ ስለሚያስወግደው በሴሉ ውስጥ ብዙም አይገኝም። ዲኤንኤው ሲጎዳ፣ በጨረርም ይሁን በሲጋራ ኬሚካል፣ ማስወገዱ ይቆምና ፒ53 ይከማቻል። ከዚያ ወይ ክፍፍሉን አስቁሞ የጥገና ጊዜ ይሰጣል፣ ወይ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ስለ አንድ የተበላሸ ሴል አይራራም።

የሁለቱ ዘበኞች ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ፒ53 ለብቻው አይሠራም፤ አራት አራት ሆኖ ተያይዞ ነው። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ጎደሎ ፕሮቲን ካመረተ፣ ያ ጎደሎ ከጤነኞቹ ጋር ተጣምሮ ቡድኑን ያሰናክላል። የተኛ ዘበኛ ብቻ ሳይሆን ጓደኛውን የሚያስተኛ ማለት ነው። ሰው የዚህ ጂን አንድ ጥንድ ብቻ አለው። የአፍሪካ ዝሆን 20 ጥንድ ያህል ይዞ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ከዋናው የተቀዱ አጫጭር ግልባጮች ናቸው። ያን ሁሉ ሴል ተሸክሞ፣ ያን ያህል ዓመት ኖሮ በካንሰር እምብዛም የማይሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል።

ወደ ቢአርሲኤ 1 ልመለስ። እሱ ጥገና ክፍል ነው፤ የተበጠሰ ዲኤንኤን ከሚገጥሙት አንዱ። ሲጎድል ስህተት ይከማችና ሌሎቹን ዘበኞች አንድ በአንድ ያስተኛል። ስለ ውርሱ አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር፦ የጡት ካንሰር ስለሆነ በእናት በኩል ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። አባትም የተበላሸውን ቅጂ ለወንድም ለሴትም ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል፣ ግማሽ በግማሽ ነው። የአባትዎ እህቶች ታሪክም ለሐኪም የሚነገር ታሪክ ነው። ሆኖም ከካንሰሮች ሁሉ እንዲህ በቀጥታ የሚወረሱት ከ100 ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። በቀሩት ሁለቱም ምት የሚያርፈው ከተወለድን በኋላ ነው።

ጂኑ ሳይነካም ዘበኛው ሊወሰድ ይችላል። የማኅጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይህን የተካነ ሌባ ነው። አደገኛዎቹ ዓይነቶች ሁለት ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ኢ6 ፒ53ን ወደ ሴሉ ቆሻሻ ማስወገጃ ይመራዋል፣ ኢ7 አርቢን ይይዘዋል። ቫይረሱ የሚፈልገው ሴሉ ዲኤንኤ እንዲቀዳለት ነው፤ ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ መዘዝ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። በ2018 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት፣ በሴል ደረጃ ሲታይ፣ እነዚህን ሁለት ዘበኞች ከአፈና የሚያድን ነው።

በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት እናት የማኅጸን በር ዕጢ የተወሰዱት ሴሎች እሷ በዚያው ዓመት ብታርፍም ሂላ ተብለው እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይባዛሉ። በውስጣቸው ያው ቫይረስ፣ ዓይነት 18፣ አለ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2000፣ ተመራማሪዎች በነዚሁ ሴሎች ውስጥ ኢ6ንና ኢ7ን ዝም አሰኟቸው። ፒ53ም አርቢም በየሴሉ ውስጥ ደህና ነበሩ፤ ሥራቸውን ጀመሩ። ሴሎቹም መከፋፈላቸውን አቆሙ።