የድሬዳዋ ሙቀት ለሶላር ይጠቅማል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በድሬዳዋ የሶላር ፓነል የሚገጥም ባለሙያ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ አባባል አለ፦ «ድሬ እሳት ናት፤ ለሶላር ከድሬ የተሻለ አገር የለም።» ከደንበኛ ቢሰማ አይገርምም፤ የሚያሳዝነው ግን ዕቃውን የሚሸጡና በሙያው የሚተዳደሩ ሰዎች ጭምር አምነውበት ሲያስተምሩት ማየት ነው። ከተማዋ ለሶላር ተስማሚ መሆኗ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የምታገኘው የፀሐይ ብርሃን ብዛት እንጂ ሙቀቷ አይደለም፤ ሙቀቱ እንዲያውም የሚመነጨውን ኃይል ይቀንሳል።

ፓነሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ብርሃን በውስጡ ያለውን ሲሊከን ሲመታ ነው። ሲሊከኑ በጋለ መጠን ቮልቴጁ ይወርዳል። በፓነሉ ጀርባ የተለጠፈው ዋት የተለካው ሴሉ (ብርሃኑን የሚቀበለው የሲሊከን ቁራጭ) 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እያለ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በሚጨምረው በእያንዳንዱ ዲግሪ አብዛኛው ፓነል ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። በሰኔ ቀትር አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን ጣሪያ ላይ ያለው ፓነል 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጭማሪው 40 ዲግሪ ነው፤ በ0.35 በመቶ ሲሰላ 14 በመቶ ኪሳራ ይሆናል፤ 400 ዋት ተብሎ የተገዛው ፓነል በዚያ ሰዓት ከ344 ዋት አያልፍም ማለት ነው። በአንጻሩ «የእኛ አገር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሶላር አያዋጣም» የሚሉ የሐረር ደንበኞች ያጋጥሙኛል። ሐረር ከድሬዳዋ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችና ነፋሻ በመሆኗ፣ ፀሐዩ እኩል በወጣበት ሰዓት ተመሳሳዩ ፓነል እዚያ የተሻለ ይሠራል።

ይህ ስህተት በወሬ ደረጃ ቢቀር ባልተከራከርኩ ነበር፤ ነገር ግን አገጣጠሙን ያበላሻል። እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ፓነሎቹ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቀው በቀጥታ በብሎን ታስረው አገኘሁ። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፤ ከሥር አየር የሚያልፍበት ክፍተት የለም። ባለቤቱ ጠዋት ጥሩ የሚሠራው ፓነል ቀትር ላይ ለምን እንደሚደክም ግራ ገብቷቸው ነበር። በቱቦላሬ መቆሚያ አበጅተን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ስናደርጋቸው ልዩነቱ በመለኪያው ላይ ታየ። ስለዚህ የምታስገጥሙ ሁሉ ክፍተቱን አስገድዳችሁ አስጠብቁ። ፓነሉ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ የድሬን አቧራ በማለዳ እጠቡት፤ በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ። ባትሪውንም ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቃችሁ አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ደመና ሲሆን ሶላር ጨርሶ ይቆማል የሚለው ስህተት ነው፤ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም።

የተሳሳተ አመለካከት ሶላር ላይ ብቻ አይደለም፤ ስለ ነፋስና ውሃ ኃይልም አለ። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ አይሻ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹን ቆመው ያየ ሰው ተበላሽተዋል ብሎ ይመለሳል። ተርባይን መሥራት የሚጀምረው ነፋሱ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ሲፈጥን ነው፤ ወደ 25 ሜትር ሲደርስ ደግሞ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ይቆማል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ የምርቱ መዋዠቅ የሚጠበቅ ነው።

የውሃ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ይጨርሳል የሚለውም ስህተት ነው፤ ውሃው ተርባይኑን አዙሮ ወንዙን ይቀጥላል፤ የሚጎድለው ከግድቡ ሐይቅ የሚተነው ነው። ከዚህ ይልቅ ሰፊ ማብራሪያ የሚሻው «የህዳሴ ግድብ ተመርቆ መብራት ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሆኖም ማመንጨትና ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኃይሉ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ተጉዞ፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ወርዶ፣ በመጨረሻ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት ይቀይረዋል። ያ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ማቀዝቀዣና ምድጃ ከተጫነበት፣ ወይም ምሰሶው ከወደቀ፣ ግድቡ ሞልቶም ሰፈሩ ይጨልማል።

በዚሁ ምክንያት ፓነል የሚገዙ ብዙዎች፣ ፓነል ካለ መብራት ቢጠፋም ችግር የለም ብለው ያስባሉ። ባትሪ የሌለውና ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረው መሣሪያ) መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል፤ የተሠራውም እንዲያ ነው፤ ያለዚያ መስመሩን የሚጠግነውን ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኢንቨርተሩ መስመር በሌለበት በባትሪ መሥራት ይችል እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከሶኬቱ ነቅሎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።