በአዳማ ዙሪያ የአዋሽ ሸለቆ የኮረኮንች ብስክሌት መንገዶች

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከቆቃ ግድብ የሚወጣው የአዋሽ ወንዝ በደቡቧ አልፎ በወንጂ ሜዳ፣ በአዋሽ መልካሳና በሶደሬ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወርዳል። በከተማዋና በወንዙ መካከል፣ እንዲሁም በዙሪያዋ ባሉት ተረተሮች ላይ፣ መኪና እምብዛም የማይመላለስባቸው በርካታ የኮረኮንችና የጥርጊያ መንገዶች አሉ። አንዳቸውም ለብስክሌተኛ ታስበው አልተሠሩም፤ ሸንኮራ አገዳ የሚመላለስባቸው፣ የመስኖ ቦይ የሚጠበቅባቸው፣ የነፋስ ተርባይን የሚጠገንባቸው ወይም ገበሬው እህሉን በአህያና በጋሪ ወደ ገበያ የሚያደርስባቸው ናቸው። ጸጥታቸውም ጠባያቸውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፦ ሥራ ሲኖር ይጨናነቃሉ፣ ሥራው ሲያልፍ ባዶ ይሆናሉ።

ብስክሌተኛውን ወደ ኮረኮንቹ የሚገፋው በከፊል የአስፋልቱ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት ዝግ ሲሆን፣ ከሞጆ የሚመጣው አሮጌው መንገድም ሆነ ወደ ወለንጪቲ የሚወስደው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና መተላለፊያ በመሆኑ ለመዝናናት የሚመረጥ አይደለም። በሌላው ዓለም «ግራቭል» በሚል ስም የሚታወቀው በጠጠር መንገድ ላይ የሚካሄድ ግልቢያ ራሱን የቻለ የውድድር ዘርፍ ሆኖ፣ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይን ለቱር ደ ፍራንስ ያበቃው የኢትዮጵያ ብስክሌት ግን በዋነኛነት በአስፋልት ላይ ያደገ ስፖርት ነው።

የአካባቢው መልክዓ ምድር የጉዞውን ድካም አስቀድሞ ይወስናል። የስምጥ ሸለቆው ወለል በበርካታ ስንጥቆች የተቆራረጠ ሲሆን፣ ሥነ ምድር አጥኚዎች ይህንን የስንጥቅ መስመር የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ብለው የሰየሙት በዚሁ በወንጂ ስም ነው። ስንጥቆቹ በአመዛኙ ከደቡብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ በመሆናቸው፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ በሁለት ተረተር መካከል ባለ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ለረጅም ርቀት ሳያስቸግር ያስኬዳል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም በተቃራኒው የሚያቋርጥ መንገድ ግን እንደ ደረጃ እየተነሣ ስለሚወርድ፣ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ደጋግሞ ያጋጥማል። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለውን መንገድ ከመምረጥ በፊት ይህንን ማየት ተገቢ ነው። አፈሩም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ በመሆኑ፣ ተረተሮቹ ላይ ቀይ አሸዋና ቀላል ነጭ ድንጋይ፣ ዝቅ ባለው ሜዳ ደግሞ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ይበዛል።

ከሁሉም ብዙ መንገድ ያለው ከአዳማ በስተደቡብ በሚገኘው የወንጂ ሜዳ ላይ ነው። ቀድሞ በጃቫ ይሠራ የነበረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚህ የስኳር ልማት ጀምሮ የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የሸዋ ፋብሪካ ደግሞ በ1962 ሥራ ጀምረዋል። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ኋላ ቆመው ሥራው ወደ አዲስ ፋብሪካ ቢዛወርም፣ ማሳውን በየክፍሉ የሚከፋፍሉት መንገዶችና ቦዮች በቦታቸው አሉ። ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ተስቦ በዋና ቦይ፣ ከዚያም በትንንሽ ቦዮች ይከፋፈላል፤ ከቦዮቹ ጎን ደግሞ አንድ ትራክተር የሚያሳልፍ፣ ገረጋንቲ የለበሰ ወይም በጎማ ብዛት የተደለደለ መንገድ ይሄዳል። ብስክሌት በወንጂ ሰፈሮች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሠራተኛው ወደ ማሳ የሚሄድበት፣ ተማሪው ትምህርት ቤት የሚደርስበት የዘወትር ዕቃ በመሆኑ የሚያልፈውን ብስክሌተኛ ቆሞ የሚያይ ብዙ ሰው የለም።

በአገዳው መካከል መንዳት ሜዳውን ከሩቅ ሲያዩት ከሚገምቱት ይለያል። የደረሰ አገዳ ከጋላቢው ራስ በላይ ስለሚቆም በሁለቱም በኩል ምንም አይታይም፤ ነፋስ አይገባም፣ ከቦዩ የሚነሣው እርጥበትም አየሩን ያከብደዋል። መስቀለኛ መንገዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ትንሽ ድልድይ፣ የውሃ መክፈቻ በር፣ ከዚያ አራት እኩል የሚመስሉ አቅጣጫዎች። መንገድ የጠፋበት ሰው ዋናውን ቦይ ተከትሎ ቢሄድ ይሻላል፤ ዋናው ቦይ አንድ ቀን ፓምፑ ላይ ወይም ሰፈር ላይ ማድረሱ አይቀርምና። ትንንሾቹ ግን ማሳ መሃል ያልቃሉ።

የአገዳ ቆረጣው የሚካሄደው በአብዛኛው በበጋ ወራት ሲሆን፣ ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠላል። በዚያን ሰሞን ተጎታች የሚስቡ ትራክተሮችና የጭነት መኪናዎች ስለሚመላለሱ በሌላ ጊዜ ጸጥ ያለው መንገድ የአቧራና የጥላሸት መንገድ ይሆናል። የጫነ ትራክተር ሲመጣ ብስክሌተኛው ወደ ዳር ወርዶ ማሳለፍ አለበት፤ ተጎታቹ ከመንገዱ ስፋት ጋር እኩል ነውና መተላለፊያ የለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምርጫ ቆረጣው ያለፈባቸውና ቡቃያው ገና ጉልበት ላይ ያልደረሰባቸው ማሳዎች ናቸው፦ እይታው ክፍት ነው፣ መኪናውም ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል።

ከወንጂ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሸለቆው ጠበብ ይላል። በአዋሽ መልካሳ አካባቢ፣ ለቆላ ሰብሎች ምርምር የሚታወቀው የግብርና ማዕከል ባለበት፣ ከአሰላው አስፋልት የሚገነጠሉ መንገዶች የጤፍ፣ የቦሎቄና የሽንኩርት ማሳ መሃል አቋርጠው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለፍል ውሃው የሚሄደው ሰው የሚጠቀመው አስፋልቱን በመሆኑ፣ የወንዙን ዳር የያዙት ጥርጊያዎች የግራርና የፍየል እረኞች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። እዚህ ቁልቁለቱ አሸዋና የላላ ጠጠር ስላለበት፣ የፊት ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው መንሸራተቱ አይቀርም። አዋሽ አዞና ጉማሬ ያለበት ወንዝ ስለሆነ ሙቀቱ ቢበረታም ወርዶ መታጠብ አይገባም፤ በሶደሬ ያሉት ጦጣዎች ደግሞ ከቦርሳ ላይ ሙዝ ለመንጠቅ አያመነቱም።

በሰሜን ምዕራብ ያሉት ተረተሮች የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙባቸው ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 በ51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ2015 በ153 ሜጋ ዋት አቅም ተመርቀዋል። ከተርባይን ወደ ተርባይን የሚወስዱት መንገዶች ረጃጅሞቹን ክንፎች ለማጓጓዝ የተጠረጉ በመሆናቸው ሰፊ ናቸው፤ ኩርባቸውም ገር ነው። ለግልቢያ በአካባቢው ከሁሉ የተመቹት እነዚህ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ችግሩ ጥላ የሚባል ነገር አለመኖሩና ጥበቃ ያለባቸው መሆኑ ነው። ጠባቂን ሰላም ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ገጠር የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በቋንቋው ሰላምታ መስጠት መንገድ ያቀልላል። የቆቃ ግድብ አካባቢም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ይህ ግድብ የኃይል ማመንጫ በመሆኑ አጠገቡ መቆምም ፎቶ ማንሣትም ሳይጠየቅ አይደረግም።

ለጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። በክረምት የሜዳው ጥቁር አፈር ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ቸርኬውን ያስቆማል፤ አዋሽ ሲሞላም የወንጂ ዝቅተኛ ቦታዎች በጎርፍ የሚጠቁበት ዓመት አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል። የበጋው ነፋስ በአመዛኙ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ በማለዳ ነፋሱ ሳይጠነክር ወደ ምሥራቅ ሄዶ ከሰዓት በፊት ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መመለስ ለጉልበት ይበጃል።

በከተማዋ በብዛት የሚገኘው ብስክሌት «ማውንቴን» የሚባለው ሲሆን ለዚህ መንገድ በቂ ነው፤ ሰፊ ጎማው ከአስፋልቱ ጊዜ ትንሽ ለቀቅ ተደርጎ ሲነፋ በኮረኮንቹ ላይ መንጠሩን ይቀንሳል። ዋናው ጠላት የግራር እሾህ ነው። ረጅሙ ነጭ እሾህ ጎማውን በስቶ ካላማዳሪው ድረስ ይዘልቃል፤ ሳይነቀል ካላማዳሪ የሚቀይር ሰው አዲሱንም ወዲያው ያጣል። ስለዚህ የጎማውን የውስጥ ገጽ በጣት ቀስ አድርጎ ዙሪያውን መዳሰስ፣ የተሰበረውን ጫፍ ከውጭ ገፍቶ ማውጣት፣ ከዚያ ብቻ መንፋት ይገባል። ጎሚስታ ወንጂ፣ መልካሳና አዳማ ላይ ይገኛል፤ በመካከል ግን ስለሌለ መጣበቂያና ፖምፓ ሳይዙ ከከተማ መውጣት ብስክሌት እየገፉ መመለስን ያስከትላል።